በሲሚንቶ የታሰረው ካሚዮን

አንድ ጡረታ የወጣ የጦር ሠራዊት መካኒክ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ድንበሩ ነው፤ የከተማው ሰው ግን ማዕረጉን ሳይነፍገው አሥር አለቃ እያለ ይጠራዋል።

የከተማዋ ወንዝ ክፉ ጠባይ ነበረው። ሐኪም ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ድልድይ የለም። በበጋ ማንም ይሻገረዋል። ክረምት ሲገባ ግን አምቡላንሱ ማዶ ቆሞ፣ በሽተኛው ወዲህ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ መተያየት ብቻ ይሆናል። አሥር አለቃ እንዲህ እየተያዩ የቀሩ ሰዎችን ሲቀብር ኖሯል።

በከተማዋ ዳርቻ፣ በድሮ ጦርነት ጊዜ ተበላሽቶ የተጣለ የጦር ካሚዮን ነበር። ሰው ዓመት በዓመት እየገነጣጠለ ወስዶት የቀረው አጽሙ ነው። አሥር አለቃ በወጣትነቱ እንዲህ ያለውን ካሚዮን ሲጠግን ስለኖረ፣ ቁመቱ ረጅም፣ ጉልበቱ ብርቱ፣ ውሃ የማይፈራ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ወደ ከተማው አስተዳዳሪ ሄዶ ማደሻ ገንዘብ ጠየቀ።

"ያንን ዝገት?" አለ አስተዳዳሪው። "እኔ እንዲያውም እንግዳ አይቶ ሳይታዘበን የሚያነሣልኝ ሰው አጥቼ ነው። በጀት የለንም። ከፈለጉት ይውሰዱት።"

ወሰደው። እጁ ላይ ምንም ስላልነበረ ቤት ለቤት ዞረ። የካሚዮኑ አካል በየሰዉ ግቢ ተበትኖ ነበር። ቸርኬው ትምህርት ቤት ደወል ሆኖ ተሰቅሏል። ኮፈኑ ላይ የባለ ጋሪው ፈረስ ገብስ ይበላበታል። አንዱ በር የእትዬ ዘርፌን የዶሮ ቤት ይዘጋል። እትዬ ዘርፌ በሩን ከነማጠፊያው ነቅለው ሲሰጡት፣ "ዶሮዎቹን ሸለምጥማጥ ይጨርስብዎታል" አላቸው።

"በጭራሮ አጥርላቸዋለሁ" አሉ። "አንተ ብቻ ይሄን ነገር አስነሣልን።"

ባሌስትራውን አንጥረኛው ማረሻ ሊያደርገው እሳት ውስጥ ሊከተው ሲል ደረሰበት። የጎደለውን ከሌላ መኪና ውዳቂ አመጣ፤ አልገጥም ያለውን በሞረድ እየሞረደ አስገባው። ሚስቱ "በስተርጅና ከብረት ጋር ተጋባህ" ብላ አኮረፈች። ኋላ ግን የጣሪያውን ሸራ ከማዳበሪያ ከረጢት የሰፋችለት እሷው ነበረች።

ሞተሩ የተነሣ ቀን ጭሱ ሰፈሩን ሞላው፤ ሰው እያሳለ እልል አለ። በዚያ ክረምት ካሚዮኑ ውሃውን እየሰነጠቀ በሽተኛ አሻገረ፤ ወላድ አሻገረ። ናፍጣውን ዕድሩ ቻለ።

በበጋው ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። አንደኛው ካሚዮኑን ዞር ዞር ብሎ አየና "ይኼማ ቅርስ ነው" አለ። ይኼኔ አስተዳዳሪው ዝገት ያለውን ነገር ወደደው። ብዙም ሳይቆይ ካሚዮኑ ተወስዶ አደባባዩ መካከል ቆመ። ጎማዎቹ በሲሚንቶ ተቀበሩ፤ አካሉ አረንጓዴ ተቀባ፤ ከፊቱም "በአስተዳደሩ ከፍተኛ ጥረት ታድሶ ለትውልድ የተላለፈ" የሚል እብነ በረድ ተተከለ። ሪባኑ ሲቆረጥ አሥር አለቃ ከገመዱ ውጭ ቆሞ አየ። አንጀቱ የበገነው ስሙ ባለመጠራቱ አልነበረም። ጭብጨባው እንዳለቀ አስተዳዳሪውን ጠጋ አለው።

"ጌታዬ፣ ክረምት እየመጣ ነው።"

"ወታደር ሆነው ታሪክን ክብር ይነፍጋሉ?"

"ሐውልት ለሞተ ሰው ነው ጌታዬ። ይኼ የተሠራው ሰው እንዳይሞት ነው።"

አስተዳዳሪው ሌላ እንግዳ ሊጨብጥ ዞረ።

ክረምት ገባ። የእትዬ ዘርፌ ልጅ አስካለ ምጥ ጠናባትና ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟት ወጣ። መንገዱ በአደባባዩ ነው፤ በካሚዮኑ አፍንጫ ሥር አለፉ። አሥር አለቃ ወደ አስተዳዳሪው ቢሮ ሮጠ።

"ሲሚንቶውን ሰብረን እናውጣው። ሴትየዋ እየሞተች ነው።"

"አሥር አለቃ፣ ቅርስ በስሜት አይፈረስም" አለ አስተዳዳሪው፣ ከወንበሩ ሳይነሣ። "ማመልከቻ ያስገቡ፤ ኮሚቴው ያየዋል። ደግሞ ቀለሙ ገና ትናንት ነው የተደገመው።"

አሥር አለቃ ወጥቶ ወደ ወንዙ ሮጠ። ወንዙ ጋ ሲደርስ ውሃው ከደፍ እስከ ደፍ ሞልቶ ነበር። አምቡላንሱ ማዶ ቆሟል። አስካለ ዝናብ እየመታት ወንዙ ዳር ወለደች፤ ደሟም አልቆም ብሎ እዚያው አለፈች። ሕፃኗ ብቻ ተረፈች።

በማግሥቱ ቀበሯት። ቀባሪዎቹ ዶማና አካፋቸውን እንደያዙ ሲመለሱ አደባባዩ ጋ እግራቸው ቆመ። አሥር አለቃ ካጠገቡ ካለው ሰው ዶማ ተቀበለና ሲሚንቶውን መታ። ሌላውም መታ። ወዲያው የዶማው ድምፅ ከተማውን ሞላው።

አስተዳዳሪው ፖሊሶች አስከትሎ መጣ። "የመንግሥት ንብረት ማፍረስ ወንጀል ነው። ሁላችሁም ትጠየቁበታላችሁ" አለ።

እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ወደ ፊቱ ቀረቡ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

"ልጄ፣ ጠዋት የቀበርነውን ማውጣት አንችልም" አሉት። "ይሄን ግን እንችላለን። ፈቀቅ በል።"

ፖሊሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የዚያው ከተማ ልጅ የሆነው አንደኛው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ከመንገድ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ካሚዮኑ ቀለሙ ተቧጭሮ ወደ ወንዙ ተመለሰ። አሥር አለቃ ታሰረ፤ ዕድሩ እየተመላለሰ አስፈታው። አስተዳዳሪው ደግሞ ወደ ሌላ ከተማ፣ ከፍ ወዳለ ወንበር ተዛወረ።

ወዳጆቼ፣ ሌላው ሲለፋ ያላገዘ፣ ሲያልቅ ግን ባለቤት የሚሆን ሰው በየቦታው አለ። ስሙን ይውሰድ፤ ስም አይጎዳም። ግፉ ሰው እንዲያድን የተሠራውን ለዐይን ማረፊያ አድርጎ ማሰሩ፣ ነፍስ ስትጣራም ለቀለሙ መጨነቁ ነው። ለሕያዋን የማይደርስ ክብር ሙታንንም አያከብርም።

በየአካባቢያችን አጥረን፣ ቀብተን፣ አድንቀን ያቆምነው፣ ግን ለማንም የማይደርስ ነገር ስንት ነው? ዶማውን ለማንሣትስ የግድ ከቀብር መመለስ አለብን?