እምቢ ያለው ጥቁር ድንጋይ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ መቀመጥ የማይሆንለትም ይምጣ፣ ነገሩ የእሱ ነው።

አትጠገብ የምትባል የማዕድን መምህርት ነበረች። ችኩል ናት፤ እግሯ አያርፍም። አንድ የክረምት ጠዋት ለተማሪዎቿ «ይህ ጥቁር ድንጋይ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል» አለቻቸው። ርእሰ መምህሩ ሰምተው ሳቁ። «እስከ ቀትር የመለኪያሽ መርፌ ካልተነቃነቀች፣ ቤተ ሙከራሽ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ይሆናል» አሏት። አትጠገብ ያንን ክፍል ከቤቷ አስበልጣ ትወደው ነበር።

ባትሪውን፣ ድንጋዩንና መለኪያውን በሽቦ አገናኘች። «መርፌ፣ ተነቃነቂ!»

«ድንጋዩ ሳያሳልፍ አልነቃነቅም።»

«ድንጋይ፣ አሳልፍ!»

«ባትሪ በደንብ ሳይገፋኝ አላሳልፍም።»

ባትሪ በባትሪ ላይ ቀጥላ ዘጠኝ አደረሰች። «ግፉ!»

«ገፋን እኮ! የቀዘቀዘ ድንጋይ በጄ አይልም። ምድጃው ያሙቀውና ጉልበታችንን ታያለሽ።» እምቢ አሉ ባትሪዎቹ፣ እምቢ አለ ድንጋዩ፣ እምቢ አለች መርፌዋ።

አትጠገብ ወዲያ አለች፣ ወዲህ አለች። «ምድጃ፣ አሙቅ!»

«ከሰሉ ሳይቀላ አላሞቅም።»

«ከሰል፣ ቅላ!»

«ክረምቱ አርጥቦኛል። ማርገብገቢያ ሳያገኘኝ አልቀላም።» እምቢ አለ ከሰሉ፣ እምቢ አለ ምድጃው፣ እምቢ አሉ ባትሪዎቹ፣ እምቢ አለ ድንጋዩ፣ እምቢ አለች መርፌዋ።

ማርገብገቢያው ዕቃ ቤት ነው። ሮጠች። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ሽማግሌው ጋሽ ልንገረው በር ላይ ተቀምጠዋል። «ጋሼ፣ ማርገብገቢያ! ቶሎ!»

«አልሰጥም። ጠዋት እንደ በር መቃን አይተሽኝ አለፍሽ። ሰላምታዬን አምጪ።»

«እንደምን አደሩ!» አለች፤ አንድ እግሯ ግን ዞሯል።

«ይሄ ሰላምታ ነው ወይስ ስድብ?» እምቢ አሉ ጋሽ ልንገረው፣ እምቢ አለ ከሰሉ፣ እምቢ አለ ምድጃው፣ እምቢ አሉ ባትሪዎቹ፣ እምቢ አለ ድንጋዩ፣ እምቢ አለች መርፌዋ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

ሰዓቱ ይሮጣል። አትጠገብ ግን አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ወገብዎ ተሻለዎ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እትዬስ ደኅና ናቸው? የልጅ ልጆችዎስ?»

«ይመስገን።»

«ላሚቱስ?»

«ወለደች!» ብለው ሳቁና ተነሡ።

ጋሽ ልንገረው ማርገብገቢያውን ሰጡ፣ ማርገብገቢያው ከሰሉን አራገበ፣ ከሰሉ ቀላ፣ ምድጃው ጋለ፣ ድንጋዩ ሞቀ። አንድ ባትሪ ሲገፋ መርፌዋ ነቅነቅ አለች። ዘጠኙ ሲገፉ ዘልላ ጫፍ ደረሰች!

ርእሰ መምህሩ የተሰበረ ወንበር ተሸክመው በሩ ላይ ቆመዋል። «ታዲያ ይሄን የት ላድርገው?» አሉ።

«ያስጠግኑትና ጋሽ ልንገረው ደጃፍ ያስቀምጡልኝ» አለች አትጠገብ። «ጠዋት ጠዋት እቀመጥበታለሁ።»

ተረቴም እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ።