እርግቤን ያቀዘቀዘው ማን ነው?

በአንድ ወቅት ነው ነገሩ የሆነው። የትኛው ወቅት እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ፣ ድሬዳዋ የምትፈላበት ወቅት ነው እላችኋለሁ፤ ከዚያ በላይ አታስጨንቁኝ። ይህን ታሪክ ባወራሁት ቁጥር እኔው ራሴ ግራ ገብቶኝ ነው የምጨርሰው። ለአምስት ሰው ነግሬ አምስት ዓይነት ፍርድ ሰምቻለሁ። እናንተ ምናልባት ታሳርፉኝ ይሆናል።

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ጋሽ ወልደየስ የሚባሉ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። ጊቢያቸው ውስጥ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ በጃንሆይ ጊዜ አገር ውስጥ የገባች ነጭ መኪና አለቻቸው። «እርግቤ» ነው የሚሏት። እርግቤ በዘመኗ ከነበሩት መኪኖች የምትለየው ኤሲ ስላላት ነው። ከሾፌሩ ፊት ካለው ሰሌዳ፣ ከክሩስኮቶው በታች የተንጠለጠለች ትንሽ ሣጥን ናት፤ ያኔ ሰው ሁሉ አንገቱን በመስኮት እያስገባ ያያት ነበር ይባላል። ጋሽ ወልደየስ ግን አይከፍቷትም። «ትበላሻለች» ይላሉ። ለእንግዳ ብቻ ከቁም ሣጥን እንደሚወጣ ብርጭቆ አስቀመጧት። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እንግዳው የሚመጥናት አይመስላቸውም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት አንዲት እህት አለቻቸው። ብርቅነሽ ትባላለች፤ ገዋኔ በረሃ ላይ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ምግብ ቤት ከፍታ ነው የምትኖረው። ከሰባት ዓመት በፊት ልጇን ስትድር፣ «የሙሽራዋ ኩል በሙቀት እንዳይፈስ እርግቤን ላኩልኝ፣ ኤሲዋም ይከፈትላት» ብላ ለመነች። ጋሽ ወልደየስ እምቢ አሉ። ወይዘሮ የሺመቤትም ባላቸውን አልተከራከሩም። ሙሽራዋ በጭነት መኪና ጋቢና ተጭና ሄደች፤ እህትማማቾቹም ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

እንግዲህ በዚያ በምላችሁ ወቅት ብርቅነሽ አልጋ ያዘች። በአንድ ሹፌር በኩል መልእክት ላከች፦ «ሐኪሙ ተስፋ ቆርጧል። የሺ ልታየኝ ከፈለገች በእርግቤ ትምጣ። በሌላ መኪና ከመጣች ፊቴን ወደ ግድግዳ ነው የማዞረው።»

ወይዘሮ የሺመቤት ይህን ሲሰሙ አለቀሱ፤ ከዚያ ልብሳቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ። ችግሩ ልባቸው ነው። ከታመሙ ሦስት ዓመታቸው፣ ሐኪማቸውም «ከሙቀት ይራቁ» ብሏቸዋል። ከድሬ ገዋኔ ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ቢነሱ እንኳ እኩለ ቀኑ በረሃው መሐል ያገኛቸዋል። በማታ እንዳይሄዱ የጋሽ ወልደየስ ዓይን ደክሟል፣ መሪውንም ለሌላ ሰው አይሰጡም። እና ሽማግሌው ከስንት ዓመት በኋላ የእርግቤን ኤሲ ከፈቱት። ከነአቧራው ትኩስ አየር ፊታቸው ላይ ተፋባቸው።

ሦስቱን ልጆቻቸውን ጠሩ። «ስሙኝ» አሉ። «እናታችሁን በቅዝቃዜ ገዋኔ ያደረሰ፣ እርግቤ የእሱ ናት።»

ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

መካከለኛዋ ትርንጎ ፍሪጅ ጠጋኝ ናት። ታላቅ ወንድሟ «ጋዝ ጎድሏት ነው፣ አስሞልተን እንሂድ» ሲል፣ እሷ እጁን ያዘችው። «የት እንደሚወጣ ሳታውቅ ምን ትሞላለህ?» አለችው። ቱቦዎቹን በአየር ሞላች፣ መጋጠሚያ መጋጠሚያውን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሌላው ሁሉ ዝም ሲል ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር አፍንጫው ላይ አረፋ ነፋ። «ጎሚኒዋ፣ ማሸጊያ ጎማዋ፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል» አለች። «ይህ ዕቃ በሠራ ቁጥር ነው ዘይት የሚያገኘው። አባዬ፣ እንዳትበላሽ ብለህ ነው ያበላሸሃት።» ትርንጎ «ሌላ ኮምፕሬሰር ፈልጉልኝ» ብላ የቱቦዎቹን ውስጥ አጥባ አደረቀች፤ የድሮው ጋዝ ከገበያ ስለጠፋ አዲሱን ለመሙላት እንዲህ ማድረግ ግድ ነው። ጋዙ ግን አንድ ሲሊንደር ብቻ ነበራት፣ እሱም ለዓሣ ነጋዴ ደንበኛዋ የተቀመጠ። ለእናቷ አዋለችው። ዓሣው ሸተተ፣ የአሥር ዓመት ደንበኛዋም ሄዶ ሌላ ጠጋኝ ያዘ።

ትንሹ መርዕድ ባጃጅ ነጂ ነው። ስለ ጎሚኒ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሰው ግን ያውቃል። የድሬውን ታይዋን ገበያ በአንድ ቀን አዳረሰ፣ በማግስቱ ሐረር ወጣ፣ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ድንበር ላይ ደወሌ ወረደ። ደወሌ ላይ የድሮ መለዋወጫ ነጋዴ የነበሩ አንድ ሐጂ አገኘ፤ ሱቃቸውን ከዘጉ ዘመን የሆናቸው፣ ግን ዕቃ የማይጥሉ። ከአልጋቸው ሥር በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ፣ አየር ያልነካው ኮምፕሬሰር ጎትተው አወጡ። መርዕድ ዋጋ ሲጠይቃቸው ሐጂው ሳቁ። «ብር ምን ያደርግልኛል ልጄ? እግሬ እኮ መስጊድ አላደርሰኝ ብሏል። ያቺን ባጃጅ ተውልኝ።» መርዕድ ባጃጁን አንዴ ዞራት። ከዚያ «አቦ፣ ይውሰዷት!» ብሎ ቁልፉን ሰጣቸው። በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ኮምፕሬሰሩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ተመለሰ።

ታላቁ ዮፍታሔ መካኒክ ነው፣ ብየዳም ይሠራል። የመጣው ኮምፕሬሰር ከድሮው ስለሚበልጥ በቦታው አልገባ አለ፤ በዚያ ላይ ከፊት ተጨማሪ ማራገቢያ ካልተገጠመለት አይሠራም። ማራገቢያው እንዲገባ የእርግቤ የፊት ቆርቆሮ፣ ግንባሯ፣ መቆረጥ አለበት። ጋሽ ወልደየስ ደግሞ «ገላዋን የነካ ልጄ አይደለም» ብለዋል። ዮፍታሔ አባቱ ምሳ እስኪበሉ ጠበቀ። ከምሳ በኋላ፣ መቼም እንደምታውቁት፣ ድሬ በሯን ዘግታ ትተኛለች። አባቱ ሲያንኮራፉ የእርግቤን ግንባር ቆረጠው። ከአሮጌ የሐዲድ ብረት መያዣ ሠርቶ ኮምፕሬሰሩን አሰረ፣ ከሞተሩ የሚያዞረውን ቺንጊያ አጠበቀ፣ ማራገቢያውን ገጠመ። ጋሽ ወልደየስ ነቅተው ሲያዩ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አላናገሩትም፣ ሰላምታውንም አልመለሱለትም፤ ሰውዬው የአርባ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ጓሮ ሄዶ አለቀሰ።

ትርንጎ ጋዙን ሞላች። ሞተሩ ተነሣ። ወይዘሮ የሺመቤት ከፊት ተቀምጠው እጃቸውን ወደ ሣጥኗ ዘረጉ፣ ጥቂት ቆዩና «ጋቢዬን አምጡልኝ፣ በረደኝ» አሉ። በዚያ ወር ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ቃል የተናገረ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለአሁኑ ፍርዱ ቀላል ይመስላችኋል። ትርንጎ በሽታውን ባታውቀው መርዕድ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም ነበር፤ መርዕድ ባያመጣው ዮፍታሔ የሚያስረው አልነበረውም፤ ዮፍታሔ ባይቆርጥ ኮምፕሬሰሩ ከዘይት ወረቀቱ ባልወጣ ነበር። ለሦስቱም እኩል ናት፣ ቀላል አይደለም እንዴ? አይደለም፤ ገና መንገዱ አለ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሡ። ጋሽ ወልደየስ ይነዳሉ፣ ወይዘሮ የሺመቤት ከጎናቸው፣ ሦስቱ ልጆች ከኋላ። ያቺ ሣጥን የምታቀዘቅዘው የፊት ወንበሩን ብቻ ነው፤ የኋላ ወንበር ድሮም ምንም አይደርሰውም። ሚኤሶን አለፉ፣ አዋሽን አለፉ፣ ወይዘሮ የሺመቤት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ናቸው። አዋሽ አርባን አለፍ እንዳሉ ግን የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው መርፌ ተነሣ። ጋሽ ወልደየስ አዩት። ወይዘሮ የሺመቤትም አዩት፤ አርባ ዓመት ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያችን መርፌ አብረው ሲጠብቁ ኖረዋል። ኤሲው ሞተሩን ከብዶታል። ካልጠፋ ሞተሩ ይፈላል፤ ከፈላ እዚያው በረሃ ላይ መቅረት ነው። ኤሲው ይጥፋ ብለው ከተናገሩ ደግሞ ልጆቹ መኪናውን አስቁመው «እማዬ፣ ይቅርብሽ» ይላሉ።

ወይዘሮ የሺመቤት እጃቸውን ሰደዱና ቅዝቃዜውን አጠፉት። የሣጥኗን ማራገቢያ ግን አልነኩትም፤ ድምፁ ከኋላ ለተቀመጡት እንዲሰማ። ጋሽ ወልደየስ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሚስታቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ከለከሏቸው። መሐረባቸውን በውኃ ነክረው ደረታቸው ላይ አኖሩ። መርፌው ቀስ እያለ ወረደ። ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ፣ አንዱን ሚስታቸው ላይ አድርገው፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን እንደዚያ ነዱ። ከኋላ መርዕድ «እማዬ ዛሬ ንግሥት ሆነች» ይላል፤ ትርንጎ «እኔ የሞላሁት ጋዝ ነው» ትላለች፤ ዮፍታሔ «መያዣውን የሠራሁት እኔ ነኝ» ይላል። እኚህ ሴት ከፊት ሆነው ይሰማሉ፣ ላባቸው ይንቆረቆራል፣ ጋቢውን ግን አላወለቁም፤ ቢያወልቁ ይታወቅባቸዋላ።

ገዋኔ ደረሱ። ጋሽ ወልደየስ የእርግቤን ጥሩምባ ነፉ። ብርቅነሽ ከአልጋዋ ሆና «እርግቤ ናት? ደግፋችሁ አውጡኝ» አለች። እህቷን ገና ሳትስማት የመኪናዋን በር አስከፍታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንበሩን ዳሰሰች፣ ጣራውን አየች።

«የሺ፣ ይቺ እኮ ምድጃ ናት» አለች።

«ከአዋሽ አርባ ወዲህ አጥፍቼዋለሁ» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

ብርቅነሽ አንዴ እህቷን አየች፣ አንዴ ሣጥኗን አየች። «ለዚህ ነው እንዴ ሰባት ዓመት የተኳረፍነው? ልጄን እዚህ ውስጥ ላበስላት?» ብላ ሳቀች። ወይዘሮ የሺመቤትም ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ በዚያች መኪና ውስጥ ተቃቅፈው ማንም ሊያላቅቃቸው አልቻለም። ወይዘሮ የሺመቤት ሁለት ቀን ግሉኮስ ተደርጎላቸው ከእህታቸው ጎን ተኙ። ሲነሡ እሳቸው ብርቅነሽን ያስታምሙ ጀመር። በዘጠነኛው ቀን ብርቅነሽ እጇ በእህቷ እጅ ውስጥ እንዳለ አረፈች።

ወደ ድሬ ከተመለሱ በኋላ ጋሽ ወልደየስ ልጆቻቸውን ዛፉ ሥር ሰበሰቡ። ቁልፉን አወጡ፣ ግን የያዘው እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ትርንጎ «በሽታውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ደንበኛዬንም ያጣሁ እኔ ነኝ» አለች። መርዕድ «እኔ ዛሬ በእግሬ ነው የምሄደው፣ አቦ» አለ። ዮፍታሔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ የአባቴን ፊት ነው የከፈልኩት» አለ። ጋሽ ወልደየስ ጭንቀታቸውን አወጡት፦ «ቃሌ በቅዝቃዜ ያደረሰ የሚል ነበር። በቅዝቃዜ አልደረሰችም። ደርሳለች ግን። አሁን ቃሌን ጠበቅሁ የሚባለው ስሰጥ ነው ወይስ ስከለክል?» ያን ጊዜ ወይዘሮ የሺመቤት ከበረንዳው ሆነው፣ «ያደረሰችኝ እኮ ሣጥኗ ስትጠፋ ነው፤ ያጠፋኋት ደግሞ እኔ ነኝ» አሉ። ቀልዳቸው ይሁን ምራቸው እስካሁን የገባው ሰው የለም።

እኔ አንድ ቀን ለመርዕድ እፈርዳለሁ፤ ባጃጅ እንጀራ ነው። በማግስቱ ትርንጎ ባትኖር ሁሉም ከንቱ ነበር እላለሁ። ዮፍታሔን ሳየው ደግሞ ሆዴ ይባባል። ከዚያ እኚያ ሴት ጋቢ ለብሰው በዚያ ሙቀት ዝም ሲሉ ይታዩኛል፣ ሁሉም ይምታታብኛል። ልጆቹ ያን ያህል ባይለፉላቸው ኖሮ እስከ አዋሽ አርባስ ይደርሱ ነበር? ጋሽ ወልደየስ አሁን ኤሲውን በየሳምንቱ ይከፍቱታል፤ እንዳይደርቅ። ቁልፉ ግን አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነው።

እስቲ ለአንድ አፍታ ቁልፉ በእናንተ እጅ ነው እንበል። አራቱ፣ ልጆቹና እናታቸው፣ ቆመው ያዩዋችኋል። እርግቤ ለማን ትገባለች?