ከንቲባን መቅደም ክልክል ነው

አንድ ባለላዳ ታክሲ ነጂ፣ መኪና ከሚወዱ ጓደኞቹ ጋር ጋራዥ ደጃፍ ተቀምጦ ሲቀልድ፣ አውሮፕላን ማረፍ ካቆመበት አሮጌ ሜዳ ላይ የራሳቸውን የመኪና እሽቅድምድም ሊያደርጉ ተማከሩ። ለዋንጫ የሚሆን የዛገ የራዲያተር ክዳንም አልጠፋም። ቀልዱ ሲውል ሲያድር እውነት ሆነና ባለላዳው «ወራጅ አለ!» የሚል ተሳፋሪ ሳይኖር፣ በዕድሜው አንድ ቀን እንደ ልቡ ሊነዳ ቋመጠ።

በእሽቅድምድሙ ዕለት ግን ከንቲባው አቶ ደምመላሽ አዲሷን መኪናቸውን ይዘው ከተፍ አሉና፣ ሕዝብ እየሰማ «እኔም እወዳደራለሁ» አሉ። «ነገር ግን ከንቲባን መቅደም ክልክል ነው። የቀደመኝ መኪናው ይታሰራል። እምቢ ካላችሁም ሜዳው ይዘጋል!»

ባለላዳው ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣ።

«ቃልዎ ይከበራል፣ ጌታዬ። እንግዲያው መጨረሻ የገባ ያሸንፋል።»

ሕዝቡ ሲያውካካ ነገሩ የገባቸው ከንቲባ «አንተ ባለጌ፣ እኔን ጭራ ልታደርገኝ ነው?» ብለው ጮኹበት።

«ኧረ ምን ሲደረግ! ጭራውን እኛ ይዘነዋል፤ እርስዎ ከፊት ሆነው ይሸነፉልን።»