የጥንቸል ርቢ

አንድ ገበሬ ነበረ። አዎ፣ ከገበሬ ነው የምጀምርልህ፤ ጥያቄው ያንተ ነው፣ መንገዱ ግን የእኔ ነው። «እማሆይ፣ የጎረቤቴ የደምሌ አባት ከጓሮ ክፍል ተረስተው ጠያቂ አጥተዋል፤ ገብቼ ልናገር ወይስ የሰው ቤት ነው ብዬ ልተው?» ነው ያልከኝ። ብትናገር ከደምሌ ትጣላለህ፣ ብትተው እንቅልፍ የለህም። ገብቶኛል። በል ፊትህን አታኮሳትርብኝና ቁጭ ብለህ ስማ፣ ስንሻው።

የዚህ ገበሬ ቤት ከአንድ ሀብታም እህል ነጋዴ ግቢ ጀርባ ነበር። በመሃላቸው ያለው አጥር ብቻ ነው። ሀብታሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኋላ እንዳትፈርድበት አስቀድሜ ልንገርህ። ለድሃ ይሰጣል፣ ሰው ሲሞት ከለቀስተኛው ቀድሞ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ከከተማ ሲመለስ ለሴት ልጁ ነጭ ጥንቸል ይዞላት መጣ። ጉድ ተባለ! ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ ጎረፈ። አናጢ ተጠርቶ የሽቦ መስኮት ያላት የእንጨት ቤት ሠራላት። ልጅቱ ጎመኑ አልበቃ ብሏት ስኳር ሁሉ ታቀርብላት ነበር አሉ።

ከዚያ ለልጅቱ ብስክሌት ተገዛላት። በቃ፣ ጥንቸሏ ተረሳች። ቤቷም መንገድ ዘጋ ተባለና ከማገዶው ክምር ኋላ ተገፋ። ልጅቱ ሠራተኛዋ ታበላታለች ትላለች፤ ሠራተኛዋ ዘበኛው አይቷታል ትላለች፤ ዘበኛው ደግሞ የእመቤቲቱ ጉዳይ ነው ይላል። ሁሉም ሌላው አበላት እያለ ጠግቦ ይተኛል። በግ ሲርበው ይጮሃል። ድመትም እግር ሥር እየተሻሸች መድረሻ ታሳጣለች። ጥንቸል ግን ድምፅ የላትም። እኛ ዘንድ ደግሞ ሥጋዋ አይበላ፣ አትታለብ፣ እንቁላል አትጥል፤ በዓል ሲመጣ እንኳ የሚያስታውሳት የለም።

ገበሬው በአጥሩ ቀዳዳ ያያታል። የውሃ ጣሳዋ ደርቋል። ጥፍሯ አድጎ ተጠማዟል። ያ ነጭ ፀጉር ከገዛ ፋንድያዋ ጋር ተጣብቆ ምን እንደሚመስል አትጠይቀኝ። ገብቶ ሊናገር ፈለገ። ግን ያገሬ ሰው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይል የለ? እሱም ሀብታሙን የናቀ እንዳይመስል ፈራ። ስለዚህ ምን አደረገ መሰለህ? ከጓሮው ጎመን እየቀነጠሰ በአጥሩ ላይ መወርወር ጀመረ። ወርውሮ እጁን ያራግፍና «ተመስገን፣ የድርሻዬን አደረግሁ» ብሎ ይገባል።

ሚስቱ ለካ ቆማ ታየው ኖሯል። «አንተ ሰውዬ፣» አለችው፣ «ይህን ያህል ጊዜ የምታበላው እኮ የሰውዬውን ዶሮዎች ነው!» እውነቷን ነበር። ጎመኑ ከጥንቸሏ ቤት አንድም ቀን አልደረሰም። ዶሮዎቹ ግን እንደ ቅርጫት ወፍረዋል።

ገበሬው አፈረ። ያን ዕለት አጮልቆ ሲያይ ጥንቸሏ ራሷን ቀና ማድረግ አቅቷት ተጋድማለች፤ ጎኗ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። ነገ ከነገ ወዲያ ማለት አከተመ፤ ዛሬ ካልደረሰላት ትሞታለች። ልስረቃት ይሆን አለ፤ እሱ ሌብነት ነው። ልቆጣው ይሆን አለ፤ «አንተ የእግዜርን ፍጥረት በጥም የምትገድል!» የሚል ንግግር በልቡ አዘጋጀ፣ ጥሩ ንግግርም ነበረች። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በዘበኛውና በሠራተኛዋ ፊት የተዋረደ ሀብታም በሩን ይዘጋል እንጂ ጥንቸል አያጠጣም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በል። ገበሬው እግሩን ታጠበ፣ ጋቢውን ለበሰ፣ እንደ ሽማግሌ በዋናው በር አንኳኩቶ ገባ። ሀብታሙ ከቤተሰቡ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

«እንዴት ነህ ጎረቤት፣ ምን እግር ጣለህ?»

«ጌታዬ፣ ልመና ነበረኝ» አለ ገበሬው። «ያቺን ጥንቸል በርቢ ቢሰጡኝ ብዬ ነው።»

«የቷን ጥንቸል?»

አየህ? ረስቷታል። ጨካኝ ሰው መስሎህ ነበር አይደል?

ርቢ ምን እንደሆነ የገጠር ልጅ ነህና ታውቃለህ። በግ የሌለው ሰው በግ ካለው ይቀበላል፤ ይቀልባል፣ ይጠብቃል፤ ግልገል ሲመጣ ይካፈላሉ። በጓ የባለቤቷ እንደሆነች ትቀራለች፣ ባለቤቱም መጥቶ «ከብቴ እንዴት ናት?» ማለት ወጉ ነው። በግ እንዲህ ይሰጣል፣ ላም ይሰጣል። ጥንቸል በርቢ የጠየቀ ሰው ግን ከአዳም ጀምሮ አልተሰማም።

ሀብታሙ እስኪያስለው ሳቀ። «ልታልባት ነው እንዴ?» አለ። ሚስቱ ሳቀች፣ ልጁ ሳቀች፣ ዘበኛው ዱላውን ተደግፎ ሳቀ። «ደግሞስ ብቻዋን ከየት አምጥታ ነው የምትወልድልህ?»

ገበሬው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ሊመለስ አማረው፣ ግን አልተመለሰም። «እሱን እግዜር ያውቃል» አለ። «የእኔም ልጆች ጥንቸል አይተው አያውቁም። በውለታ ይያዙልኝ።»

«ውሰድ፣ ውሰድ! ና እንዲያውም እኔው ላውጣልህ» ብሎ ሀብታሙ እየሳቀ ወደ ጓሮ ሄደ። ከማገዶው ኋላ ሲደርስ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ያየውን አየ። እጁን ሰደደና መልሶ ሰበሰበው። ዘወር ብሎ ገበሬውን ሲያየው ፊቱ ላይ ምን እንደነበረ መገመት ነው፤ ሰው በገዛ ቤቱ እንዲህ ሲያፍር ማየት ያስጨንቃል።

ያች ጥሩ ንግግር በገበሬው ምላስ ጫፍ ላይ ነበረች። ዋጣት። «በጋው ነው ጌታዬ፣ ዘንድሮ ሙቀቱ ለሰውም አልሆነ» ብሎ ጎንበስ አለና ጥንቸሏን በጋቢው ጠቅልሎ አነሣት።

ቤቱ ወስዶ በጣቱ እያንጠባጠበ ውሃ አጠጣት። ጠጣች። እሰይ! ሚስቱ ሣር አጨደችላት፣ ፀጉሯን በለብ ያለ ውሃ እያለሰለሰች ፈታችው፤ እሱ ጥፍሯን በመቀስ ከረከመ። ስትድን ደግሞ ጓሮውን ወረሰችው፤ የጎመኑን መደብ ከዳር ዳር መላጣ አደረገችው። ሰፈሩ ገበሬውን «ባለ ጥንቸሉ» ብሎ ስም አወጣለት፣ ገበያ ላይ ሁሉ እየጠሩ ይስቁበት ነበር። ግድም አልሰጠው። ሀብታሙስ? ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን አስከትሎ፣ ጥቅል ጎመን በብብቱ ይዞ «ርቢዬ እንዴት ናት?» እያለ መምጣት ጀመረ። ወጉ ነዋ! ልጅቱ መሬት ተቀምጣ ከእጇ ታበላታለች፣ አባትየው ከገበሬው ጋር አግዳሚ ላይ ሆኖ ይጫወታል። ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ኖረች አትበለኝ፤ እኔ መነኩሴ ነኝ እንጂ የከብት ሐኪም አይደለሁም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ልጄ። አንተም እስካሁን የምታደርገው በአጥር ላይ ጎመን መወርወር ነው። «እኚያ ሽማግሌ ያሳዝናሉ» ብለህ ለእኔ ትነግረኛለህ፣ ለሚስትህ ትነግራለህ፣ ከዚያ ቀለል ብሎህ ትተኛለህ። ሽማግሌው ዘንድ የደረሰ ነገር የለም፤ የወፈርነው ሰሚዎቹ ነን። ደምሌን ብትቆጣው ደግሞ በሩን ይዘጋብሃል፣ ሽማግሌው ይባስ ከውስጥ ይቀራሉ። ደምሌ ጨካኝ አይደለም፣ አውቀዋለሁ። እሱ ሚስቴ አለች ይላል፣ እሷ ልጆቹ አሉ ትላለች።

ስለዚህ ለማኝ ሆነህ ሂድ። በዋናው በር ግባና እንዲህ በለው፦ «ደምሌ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ገበታዬን የሚባርክልኝ፣ ልጆቼን የሚመርቅልኝ ሽማግሌ የለኝም። አባትህን ስጠኝ፤ ወስጄ ምሳ አብልቼ እመልስልሃለሁ።» ውሸት ደግሞ አይደለም፤ የለህም። ይስቅ ይሆናል። «የእኔ አባት ለምርቃት? ስማቸውንስ ያስታውሳሉ?» ይልህ ይሆናል። ሳቁን ቻለው። ከዚያ ሊያመጣቸው ወደ ጓሮው ክፍል ራሱ ይገባል፣ በገዛ ዓይኑም ያያል። በዚያች ሰዓት ታዲያ አደራህን፣ አፍህን ዝጋ። «ብርዱ ነው፣ ዘንድሮ ከፍቷል» በልና ክንዳቸውን ያዝ።

«እሑድ እሄዳለሁ» ነው የምትለኝ? እሑድ ምን አለ? ሽማግሌው እየጠበቁህ ቢሆን እሑድ ይሁን እል ነበር። እሳቸው መጠበቅ ትተዋል። ተነሣ፣ ዛሬ ሂድ።