ያልተነፈሰው ራዲያተር

አንድ አባወራ ነበር። በቤቱ ከእሱ በቀር ሌላ ሰው እንዲናገር አይወድም። ሚስቱ እታፈራሁ አፏን ስትከፍት «ትንፍሽ እንዳትይ» ይላታል። ቤቱ ጭር ሲል ደግሞ «ተመስገን፣ ሰላም ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው አታውቁም? እኔ ብዙ አውቃለሁ።

አንድ ማለዳ ለእታፈራሁ «እናትሽ በጠና ታማለች፣ ስምሽን እየጠራች ነው፣ ድረሺ» የሚል ስልክ ተደወለላት። እናቷ ያለችው ከዳገቱ ማዶ ነው። መኪናቸው ግን የራዲያተሩ ቱቦ ተቀዶ፣ ውሃው ፈስሶ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ሰውየው «ጋራዥ ምን ያደርጋል» ብሎ ቱቦውን ራሱ ቀየረና ራዲያተሩን እስከ አፉ በውሃ ሞላው። ሞተሩን ሲያስነሳው ግን ራዲያተሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ውሃ ይተፋ ጀመር። ሸሚዙን አበሰበሰበት።

ተናዶ ሊዘጋው ክዳኑን አነሳ።

«አንተዬ፣ ትንሽ ታገሰው» አለችው እታፈራሁ። «ወንድሜ መኪናው ላይ ውሃ ሲሞላ ክዳኑን ከፍቶ ነው የሚያስተነፍሰው። አየሩ ሲወጣ ውሃው ይጎድላል፣ ያኔ ትጨምርበታለህ።»

«ሞልቷል እኮ። አይታይሽም?»

«የሞላው ከላይ ነው። ውስጡ አየር አለ።»

«ትንፍሽ እንዳትይ አልኩሽ» አላትና ክዳኑን ግጥም አድርጎ ዘጋው። ራዲያተሩም ዝም አለ።

ዳገቱን ሲያያዙት የሙቀት መለኪያው መርፌ ከታች ንቅንቅ አላለም። «አየሽ? ቀዝቃዛ ነው» አላት። መርፌው ዝቅ ያለው ውሃ ስላልደረሰው ነበር። ሙቀቱን የሚለካው ዕቃ ያለበትን ቦታ አየር ይዞታል። ጥቂት እንደሄዱ እታፈራሁ «የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አለች። ዞር ብሎ አያት። ያቺን አስተያየት ታውቃታለችና ዝም አለች። ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ከሙቀቱ የተነሳ ተጣብቆ ነከሰና መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

እታፈራሁ በማግስቱ በጭነት መኪና ተሳፍራ ስትደርስ፣ ሰው ከቀብር ሲመለስ አገኘችው። እናቷ ትንፋሿ እስኪወጣ ድረስ በሩን በሩን ታይ እንደነበር ነገሯት።

ቤቷ ስትመለስ ሰውየው «ምነው ያኔ ደግመሽ ብትነግሪኝ?» አላት።

«ትንፍሽ እንዳትይ ብለኸኝ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ካልጠየቃት አትናገርም። እሱ ደግሞ ለጎረቤቱ «ሚስቴ ኀዘኑን ቻለችው፤ ቤቴ ሰላም ነው» ይላል። መኪናውን አቃጥሎ እንኳ አልገባውም። እንግዲህ ምን ይደረግ።

ወዳጆቼ፣ ዝም ያለ ሁሉ አልበረደም። የሚያስተነፍሰው ያጣ ሰው ውስጥ ውስጡን ይቃጠላል፤ እኛ ግን ሸሚዛችን እንዳይበላሽ ስንል ክዳኑን እንገጥምበታለን። ዛሬ ቤታችሁ ጭር ካለ «ተመስገን» ከማለታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሰላም ሆኖ ነው፣ ወይስ ክዳኑን የዘጋችሁት እናንተ ናችሁ?