የወይዘሮ አንጓች ሽቦ

ቡሬ ከተማ ውስጥ በየድግሱ የሚጠቀስ አንድ ተረት አለ። ሰዉ ይተርተዋል፣ ይስቃል፣ ጉርሻውን ይቀጥላል፤ ከማን አፍ እንደ ወጣ ግን የሚጠይቅ የለም። ቢጠየቅም «አንድ የተማረ ሰው ይሆናላ» ነው መልሱ። የተማረ ሰውማ በዚያ ቀን ነበረ፤ የተተረተበት እንጂ የተረተው እሱ አይደለም። የተረቱት ፊደል ያልቆጠሩት፣ ሚስማርና ሽቦ ሲሸጡ ሠላሳ ዓመት የኖሩት ወይዘሮ አንጓች ናቸው።

አቶ ሽባባው ልጃቸውን ድረው የመልሱ ቀን ደረሰ። ከአዲስ አበባ የመጣው የወንድማቸው ልጅ ናሁሠናይ ሙዚቃውን ለእኔ ተዉት ብሎ አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ስፒከር ይዞ መጥቷል። አንዱን ስፒከር ሳሎን አኖረው፣ ሁለተኛውን አማቾች የሚቀመጡበት ዳስ ውስጥ አቆመው። ከዚያ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ጫፉ በወርቅ የተለበጠ ገመድ ከካርቶን አወጣ። ለሳሎኑ በቃ። ለዳሱ ግን አሥር እርምጃ ያህል ጎደለ።

ወይዘሮ አንጓች ጓሮ ሽንኩርት ይልጡ ነበር። ቢላዋቸውን አስቀምጠው መጡና፣ «ከሱቄ መንታ የመብራት ሽቦ ላምጣ። ቀጭኑን አይደለም፤ ቀጭኑ ለሩቅ አይሆንም። ወፍራሙን» አሉ።

ናሁሠናይ ሳቀ። «እማማ፣ ይሄ እኮ አምፖል አይደለም። በእርስዎ ርካሽ ሽቦ የድምፁ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። እንዲያውም ለመብራቱም እጠራጠራለሁ።»

ግቢው ሰው ሞልቶታል። ቤት እያሠራ ያለ አንድ ጎረቤት፣ በማግስቱ ከወይዘሮ አንጓች ሽቦ ሊገዛ ቀጠሮ የያዘ፣ ይህን ሰምቶ ወደ ሚስቱ ዞረና በጆሮዋ አንድ ነገር አላት። ወይዘሮ አንጓች አዩት። የገበያ ሰው ናቸውና ሱቅ በእሳት ብቻ ሳይሆን በወሬም እንደሚወድም አያጡትም።

«ይተዉት እትዬ አንጓች» አሉ አቶ ሽባባው፤ «ልጁ ተምሮበታል።»

«ይማርበት። እኔ ደግሞ ሽጬበታለሁ።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሲመለሱ ጥቅል ሽቦ በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ ከኋላቸው መሪጌታ ላቀውን አስከትለው ነው። መሪጌታ የዜማ መምህር ናቸው። ሃያ ተማሪ በአንድ ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን ሲያዜም፣ ከጥግ አንዱ ቢስት ከደጃፍ ሆነው «አንተ፣ መልሰው» የሚሉ ሰው ናቸው። በእሳቸው ጆሮ የሚከራከር በአገሩ የለም።

«በስተርጅና የዘፈን ዳኛ ልታደርጊኝ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ዘፈኑን ማን ይዳኙ አለዎት? የሚዳኙት ሽቦውን ነው።»

ውሉ እንዲህ ሆነ። ናሁሠናይና መሪጌታ ከሳሎኑ በር መጋረጃ ውጭ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ወይዘሮ አንጓች የሳሎኑን ስፒከር እንደ ፈለጉ ያገናኛሉ። አቶ ሽባባው ውስጥ ሆነው ይመሰክራሉ። ሁለት ጊዜ ይዘፈናል፤ ናሁሠናይ የወርቁ የትኛው እንደሆነ ይናገራል።

«ይሄማ ለልጅም ቀላል ነው» አለ ናሁሠናይ።

ወይዘሮ አንጓች የሽቦውን ላስቲክ በሽንኩርቱ ቢላዋ ገፈፉ። ከመንታው መስመር ያለበትን ከስፒከሩ ቀይ ማሰሪያ፣ የሌለበትን ከጥቁሩ ጋር አሰሩ። ስፒከሩ ዘፈነ። ዝም አለ። ውስጥ ኮቴ ተሰማ፣ ወንበር ተጎተተ፣ ሳል ሳል አሉ። ዘፈኑ እንደገና ተነሣ።

«እሺ ጎበዜ፣ ወዴት ነህ?» አሉ ወይዘሮ አንጓች ከውስጥ።

ናሁሠናይ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። «የመጀመሪያው አፍንጫውን ይዞ የሚዘፍን ሰው ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ግን ወለል ያለ ነው፣ ማር ነው። ወርቁ ሁለተኛው ነው።»

ግቢው አጨበጨበ። ቤት የሚያሠራው ጎረቤት ከሁሉ አብልጦ አጨበጨበ። መሪጌታ ብቻ ጢማቸውን ዳበሱ።

«እርስዎስ መሪጌታ?» አሉ ወይዘሮ አንጓች።

«እኔ የሰማሁት አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ ነው» አሉ። «የተለወጠ ነገር አልሰማሁም። ወይ ጆሮዬ አርጅቷል፣ ወይ የተለወጠ ነገር የለም።»

አቶ ሽባባው መጋረጃውን ገለጡ። የወርቁ ገመድ እንደ ተጠቀለለ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። ከስፒከሩ ጋር የታሰረው ያው መንታ የመብራት ሽቦ ነው።

«አልቀየሩትም?» አለ ናሁሠናይ።

«ወንበር ጎተቱ እንጂ አልነኩትም» አሉ አጎቱ፣ መሬት መሬት እያዩ። «በመጀመሪያም ይሄው ነው፣ በሁለተኛም ይሄው ነው።»

ከመንገድ የአማቾቹ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። የዳሱ ስፒከር ገና ድዳ ነው። ናሁሠናይ ፊቱ ቀልቶ የሽቦውን ጥቅል ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ወይዘሮ አንጓች እግራቸውን ጫኑበት።

«እሰጥሃለሁ፤ ዳሱ ድረስ ዘርጋው፣ አጎትህም በአማቾቻቸው ፊት አይፈሩ» አሉት። «ከዚያ በፊት ግን ስሜን ካጠፋህበት ግቢ መሀል ትቆማለህ፤ ይሄ ቤት የሚያሠራው ጎረቤቴም እየሰማ፣ በዚያው በተማረው አፍህ ጮክ ብለህ ትላለህ፦ ጆሮ ዋጋ አያነብም።»