ሌሊትን ያባረረው ባላባት

ተረት ላውጋችሁ፣ ልጆቼ። በየመሃሉ «እህ» በሉኝ፤ ዝም ስትሉ እሰጋለሁ።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ በህንድ አገር፣ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ሌሊትን አይሰድቡም። ፀሐይ ስትጠልቅ እጃቸውን አጋጥመው ይዘምሩላታል። «ሌሊት ሆይ፣ እናታችን ነሽ፤ ከዋክብት ዓይኖችሽ ናቸው። ተኩላውን ከበረታችን፣ ሌባውን ከደጃችን መልሺልን። ለእህትሽ ለንጋት በሰላም አስረክቢን» ይላሉ። ከዚያ ይተኛሉ።

አንድ ምሽት የአገሩ ባላባት ሩድራሴን የበረቱን በር ሳይዘጋ ተኛ። ተኩላ ገባና የሚወደውን ጥጃ በላበት። ባላባቱ በሩን አልወቀሰም፤ ሌሊትን ወቀሰ።

«ይቺ የሌባ እናት! ከእንግዲህ አገሬ አትገባም። በየቤቱ ችቦ ይብራ፤ በየደጁ ከበሮ ይመታ። መዝሙሩም ይቅር። ሌሊትን ያስጠጋ ሰው ከአገር ይውጣ!» ብሎ አወጀ።

በዚያ አገር ሱማቲ የምትባል መበለት ነበረች። ኢላ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ አለቻት። ኢላን ትኩሳት ይዟታል። መድኃኒተኛው «መድኃኒቷ እንቅልፍ ነው። ካልተኛች ግን እፈራለሁ» ብሏል።

በመጀመሪያው ምሽት ችቦ በራ፣ ከበሮ ተመታ። ወፎች ጎጇቸው ጠፍቷቸው ሲዞሩ አደሩ። ኢላ አልተኛችም።

በሁለተኛው ምሽት ችቦ በራ፣ ከበሮ ተመታ። ላሞች ወተት ከለከሉ። ኢላ አልተኛችም። «እማዬ፣ ሌሊት መቼ ነው የምትመጣው?» አለች። ሱማቲ ችቦውን ልታጠፋ እጇን ዘረጋች። የባላባቱ ዘበኛ በደጅ አለፈ። እጇን ሰበሰበች።

በሦስተኛው ምሽት ችቦ በራ፣ ከበሮ ተመታ። ፍንጣሪው የጎረቤቷን የሣር ጣሪያ ላሰው፤ በስንት ጭንቅ ጠፋ። ኢላ አልተኛችም። እናቷንም መለየት ተሳናት።

ያን ጊዜ ሱማቲ ልጇን አዝላ ወደ ባላባቱ ሮጠች። ዓይኑ ፍም መስሎ፣ በሽማግሌዎች መሃል ተቀምጧል።

«ጌታዬ፣ ሌሊትን ያስጠጋ ሰው አገኘሁ!»

«ማነው እሱ? የት ደበቃት?»

«ብነግርዎ ይቆጣሉ።»

«ተናገሪ አንቺ ሴት፣ አልቆጣም!»

«ሽማግሌዎች ይስሙልኝ። አዋጁ ለሁሉም ነው?»

«ራሴም ብሆን አልምርም!»

«እንግዲያው ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

ጨፈነ።

«ምን ይታይዎታል?»

«ምን ይታየኛል! ጨለማ ነው እንጂ።»

«ይኸውልዎ! ከዓይንዎ ቆብ ሥር አስጠግተዋታል። ወይ ችቦ ያስገቡባት፣ ወይ ዕቃዎን ይሸክፉ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ። ባላባቱ ሊቆጣ ዓይኑን ሊገልጥ ሞከረ፤ አልቻለም። እሱም እንደ ሰው ሁሉ እንቅልፍ አጥቶ ነበርና እዚያው ተቀምጦ አንኮራፋ።

ሽማግሌዎቹ ችቦውን አስጠፉ፤ ከበሮውን ዝም አሰኙ። ሌሊት ቀስ ብላ ገባች። ሱማቲ መዝሙሩን በሹክሹክታ ዘመረች። ኢላ ተኛች። እናቷ ግን ጆሮዋን ከልጇ ደረት ሳታነሳ፣ ትንፋሿን ስታዳምጥ አደረች።

ነጋ። ኢላ ዓይኗን ገለጠች። «እማዬ፣ ራበኝ» አለች።

ባላባቱ ሲነቃ ሽማግሌዎቹ አዋጁን አስታወሱት። «ማሩኝ!» ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። እነሱም ፈረዱ፦ በየምሽቱ የአገሩን በረት ሁሉ እየዞረ በገዛ እጁ ይዝጋ፤ ከዚያም መዝሙሩን ከሁሉ በፊት እሱ ያንሳ። እስኪሞት ድረስ ዘጋ፤ እስኪሞት ድረስ ዘመረ።

ያልመሸበት አገር አይነጋለትም፣ ልጆቼ።

ተረቴን ተቀበሉኝ። አሁን የበረቱን በር አይታችሁ ኑ፤ ከዚያ መብራቱን አጥፉልኝ።